ሳሙና ቀማሽ ነበርኩ

ባለፈው ወር ቤቴል አንድ ሱቅ ገብቼ ሳሙና አነሣሁና፣ ሳላስበው ጫፉን በምላሴ ነካሁት። ባለሱቋ ልጅ ደንግጣ፣ "እማማ፣ ብስኩት እኮ አይደለም፤ ሳሙና ነው" ብላ ከእጄ ወሰደችው። አውቃለሁ ልጄ፣ ኮስቲክ ሶዳው ስለተረፈው ለሕፃን ልብስ እንዳትሸጪው አልኳት። ጎረቤቷን ጠርታ አብረው ሳቁብኝ፤ ቆየት ብለው ደግሞ አዘኑልኝ መሰለኝ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ነው።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ምላሴ ግን አልወጣም። የጡረታ ወረቀቴ ላይ የሥራ መደቤ "የምርት ሠራተኛ" ይላል። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሙሉ የሥራ ዘመኔን እንጀራ የበላሁት በምላሴ ነው፣ ያውም ሳልናገርበት፣ ሳሙና እየቀመስኩ። ያቺ ልጅ ወንበሩን ስታመጣልኝ ይህን ላስረዳት አስቤ ነገሩ ረዥም ስለሆነብኝ ተውኩት። እዚህ ልጻፈው።

ፋብሪካችን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወረድ ወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ነበር። ያቋቋመው አንድ ፈረንጅ ሙሴ ነው፤ አብዮቱ ሲመጣ መንግሥት ወረሰው። ሙሴው አገር ጥሎ ሲሄድ ሦስት ትልልቅ የብረት ድስቶች፣ አንድ የማይዘጋ የመኪና መግቢያ በርና ጋሽ ደበላን ትቶልን ሄደ። ድስት ስላችሁ የወጥ ድስት አይምሰላችሁ። በመሰላል ተወጥቶ ነው የሚማሰለው፤ ሞራው በኩንታል ይገባበታል፣ ኮስቲኩ ከበርሜል እየተገለበጠ ይበጠበጣል፣ ከዚያ አራት ቀን ይፈላል። ሽታውን ለብቻችን አናሸተውም ነበር፤ ድስቱ ከተጣደ ስንት ቀን እንደሆነው ሰፈሩ ሁሉ በአፍንጫው ያውቃል።

እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ መጠቅለያ ክፍል ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ፎርሙ ብዙ ነበር። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ይመጣብን ነበር እንጂ አይመጣልንም። የመጀመሪያው የስፖርት መምህር የነበረ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት አሰልፎ ያዘልለን ነበር፤ የሳሙና ፋብሪካ ወለል ላይ መዝለል ምን እንደሚያመጣ የገባው፣ አንድ ቀን ከፊታችን ቆሞ "አንድ፣ ሁለት" ብሎ ሦስትን መሬት ላይ ተንጋሎ ከቆጠረ በኋላ ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ወዳድ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ሲሞላበት "ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ በሦስት ቦታ ለጠፈ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሳሙና ግን አያውቁም፤ የሚያውቅ ሰው መጠየቅንም እንደ ሽንፈት ይቆጥሩት ነበር።

ሦስተኛው ጓድ አስናቀ ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እንለው ነበር፤ በዕድሜ ግን ከእኔ ብዙ አይርቅም፣ እዚህ እንደ ልቤ ልጥራው። የመጣው ከዶሮ እርባታ ነው። "ዶሮ እርባታ ሳለን" ሳይል ስብሰባ ከፍቶ አያውቅም፤ ስብሰባ ደግሞ ነፍሱ ነበር። ድምፁ ያምራል፣ ቃላቱ ይፈስሱለታል፣ ሲጀምር ሁላችንም እንመሰጥ ነበር፤ ችግሩ ሲጨርስ ምን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው አለመገኘቱ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ሥራ ሰዓት አከባበር የሚወያይ ስብሰባ ጠርቶ የጠዋቱን ሥራ እስከ ምሳ ድረስ አስፈታን።

ወደ ድስት ክፍል መጀመሪያ የመጣ ቀን ጋሽ ደበላን ሳሙናው ስንት ቀን ይፈላል ብሎ ጠየቃቸው። አራት አሉት። በሁለት ቀን ቢሆን ምርቱ እጥፍ እንደሚሆን አስልቶ ነገራቸው። እሳቸው ማማሰያውን ሳያቆሙ፣ "ጓድ፣ ዶሮ ስንት ቀን ትታቀፋለች?" አሉት። ሃያ አንድ ቀን አለ፣ የሚያውቀው ጥያቄ ስለመጣለት ደስ ብሎት። "በአሥር ቀን ፈልፍይ ተብላ ታዝዛ ታውቃለች?" አሉት። ጓድ አስናቀ ትንሽ አሰበና ጉዳዩ በኮሚቴ እንዲታይ አዘዘ። ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም።

ጋሽ ደበላ የድስት ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ትውልዳቸው ከሰበታ ወዲያ ነው፤ ድስቱን በኦሮምኛ፣ እኛን በአማርኛ ይቆጡናል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ድስቱ አማርኛ አይገባውም አሉኝ። እሳት ዳር እየዋሉም ካፖርታቸውን አያወልቁም። እኔን ያገኙኝ መጠቅለያ ክፍል ነው። አንዱን ሳሙና ለብቻው ስለይ አይተው ምነው አሉኝ፤ እጄን ይቆጠቁጠኛል አልኳቸው። አንሥተው በምላሳቸው ጫፍ ነኩት፣ ከዚያ ጠዋት ምን በላሽ አሉኝ። ምንም አልበላሁም ነበር፤ እኛ ቤት ቁርስ በየቀኑ አይገኝም። ይህንኑ ስነግራቸው "ጥሩ ነው" አሉኝ። ቁርስ ባለመብላቴ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በሳምንቱ ወደ ድስት ክፍል ተዛወርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳሙናው ሊደርስ ሲል በጠፍጣፋ ብረት ማንኪያ ይቀዳል። ማንኪያው ሲዘነበል ሳሙናው ሳይጣበቅ ሙልጭ ብሎ ከተንሸራተተ ጥሩ ምልክት ነው። ድምፁም ይነግራል፤ ያልበሰለው ይንጣጣል፣ የበሰለው እንደ ገንፎ ከባድ ትንፋሽ ይተነፍሳል። ዓይንም ጆሮም የማይደርሱበት አንድ ነገር ግን አለ። ኮስቲኩ ሞራውን በልቶ ጨርሶ ራሱም መጥፋት አለበት፤ ጠፋ ወይስ ተረፈ የሚለውን የሚያውቀው ምላስ ነው። ጋሽ ደበላ አፋቸውን በጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ሦስት ጊዜ ይጉመጠመጣሉ። ጣታቸው ላይ ያቀዘቀዙትን ቅንጣት ሳሙና በምላሳቸው ጫፍ ነክተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከነደፈ ኮስቲክ ተርፎታል። ጭራሽ ዝም ካለ ሞራ ተርፎታል። ቆንጠጥ አድርጎ ወዲያው ከተወ ደርሷል። ከዚያ ይተፉትና እንደገና ይጉመጠመጣሉ።

ለዚያች ምላስ ሲሉ ጠዋት በርበሬ አይቀምሱም፣ ትኩስ ነገር አይጠጡም፣ ሰውም አያሙም ነበር። ሐሜት ምላስ ያደነዝዛል ይሉናል። ስለዚህ እኛም ወሬያችንን ደጅ ትተን ነበር የምንገባው። እኔን ሲያስተምሩኝ አስቀድመው እኔን ያስቀምሱኝና ምን እንደተሰማኝ ይጠይቁኛል፤ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል አይሉም። "እሺ" ብለው ከእኔ ኋላ ራሳቸው ይቀምሳሉ። ፊታቸውን እያየሁ ነው የተማርኩት። ከእኔ ኋላ ሳይቀምሱ ያለፉበት ቀን አልነበረም። ተሳስቼ ስሸማቀቅ ደግሞ "ሳሙና ይመለሳል" ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፤ የተበላሸ ሳሙና ከውሃና ከሞራ ጋር ድስት ውስጥ ተመልሶ፣ ጨው ገብቶበት ሲፈላ፣ ደኅናው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ክፉው ወደ ታች ይዘቅጣል።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከብድ ነበር፤ ሞራ የሥጋ ነገር ነዋ። የንስሐ አባታቸው ሳትውጠው የምትተፋው የእንጀራህ ነገር ነው ብለው ስለፈቀዱላቸው ሁዳዴን ጭምር ይቀምሳሉ። የሕማማትን ሳምንት ብቻ ግን፣ አባ ቢፈቅዱልኝም እኔ ለራሴ አልፈቅድም አሉ። ስለዚህ ቀኑን አስልተው ከሆሳዕና በፊት ድስቱን ያወርዳሉ፤ በሕማማት የሚደርስ ሳሙና አይጥዱም። ይህን የምናውቀው ድስት ክፍል ያለነው ብቻ ነን።

ጓድ አስናቀ ሳሙና እንደምንቀምስ የሰማ ዕለት ፊቱ ተለዋወጠ። ዶሮ እርባታ እንቁላል የሚፈተነው በመብራት እንጂ በምላስ እንዳልሆነ ሰብስቦ አስረዳን። ከዚያ ምላስን ለምርት ሥራ መጠቀም ኋላቀር አሠራር ስለሆነ ተከልክሏል የሚል ሰርኩላር ወጣ። በምትኩ ከበላያችን ካለው ኮርፖሬሽን የመፈተኛ ወረቀት መጣልን፤ ነጭ ነው፣ ኮስቲክ ሲነካው ይቀላል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገር ነበር። ጋሽ ደበላም፣ ለካ ወረቀትም ምላስ አለው ብለው ወደዱት።

ወረቀቱ በአራት ወር አለቀ። የግዢ መጠየቂያው ሄደ፣ ማኅተም ጎድሎታል ተብሎ ተመለሰ፣ ታትሞ ሄደ፣ ፊርማው ከማኅተሙ በላይ ውሏል ተብሎ ተመለሰ። ጓድ አስናቀ ግን በጥቂት ወረቀት የሚበገር ሰው አልነበረም። በራስ መተማመን የሚል ንግግር አድርጎ፣ ከጽሕፈት ክፍል ነጭ ወረቀት አምጥተው በቀጭን በቀጭኑ እንዲቆርጡልን አዘዘ። ነጭ ለነጭ ነው፣ ምን ልዩነት አለው አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ወረቀት አልቀላም። ሪፖርቱ መቶ በመቶ ሆነ፤ ጓድ አስናቀም የምስክር ወረቀት ተሸለመ። እኛ አንድ ሰው በር ላይ እያቆምን ከድስቱ ጀርባ መቅመሳችንን ቀጠልን።

እንዲህ ስንኖር ጓድ አስናቀ ለበላይ አካል አንድ ቃል ገባ። ለፋሲካ የአካባቢው የቀበሌ ሱቆች በሙሉ በሳሙና ይሞላሉ አለ። ድስቱ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ተጥዶ በሕማማት ሰኞ እንዲወርድ አዘዘ። ጋሽ ደበላ ቀኑ አይመችም አሉት። ምክንያቱን ሲጠይቃቸው ዝም አሉ፤ በዚያ ዘመን ጾም ነው ብሎ ለሥራ አስኪያጅ መናገር አያስኬድም ነበር። እሱም ለሳሙና የሚመች ቀን የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ያቅርቡልኝ ብሏቸው ሄደ።

ጋሽ ደበላ ከድስቱ ጀርባ ጠሩኝ። "ሰኞ አንቺ ትቀምሻለሽ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ወንድሜ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከተላከ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ደብዳቤው ጠፍቶብናል። እናቴ ትልቅ ሰው ናት፣ ከእሱና ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እኔም መድኃኔዓለም ሄጄ ተስያለሁ፤ በሕማማት ፀሐይ እስክትጠልቅ ምላሴን ውሃ እንኳ አይነካውም፣ አንተ ብቻ በሕይወት መልስልኝ ብዬ። ይህን ለጋሽ ደበላ ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ያመኑኝ የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ አልችልም ማለት አፈርኩ።

ሰኞ መጣ። ያን ሰሞን አዲስ ኮስቲክ ገብቶ ነበር። አሮጌው በርሜል ውስጥ እርጥበት ጠጥቶ የደከመ ነው፤ አዲሱ ግን ጉልበቱ ሙሉ ነበር። እኛ በአሮጌው ልክ መዝነን ጨምረናል። ማንኪያውን ዘነበልኩት፣ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ተንሸራተተ። ድምፁም ጥሩ ነው። ጋሽ ደበላ እንዳያሳፍሩኝ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቅንጣቷን ሳሙና ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ፣ ከንፈሬን ግን አልከፈትኩም። እንደ እሳቸው ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ "ደርሷል" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸው "እሺ" አሉና ድስቱን አስወረዱ። ነጩ ወረቀትም ከእኔ ጋር ተስማማ።

ረቡዕ ተቆረጠ፣ ሐሙስ ተጫነ፣ ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ለበዓል ልብሱን አጠበበት።

የፋሲካ ዕለት እናቴ ዶሮውን አውጪ ብላ ጭልፋውን ለእኔ ሰጠችኝ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ስትጎርስ ሳያት ጣቶቿ ተልጠዋል፣ በመካከላቸው ሥጋው ቀልቷል። ምን ሆነሽ ነው ስላት ምንም አለችኝ። ግርማ ድንገት ከመጣ ብላ ልብሱን በሙሉ፣ ጋቢውንም ሳይቀር፣ በዚያ ሳሙና አጥባ ኖሯል። የእኔ ፋብሪካ ሳሙና ስለሆነ በበዓል ቀን ቅር እንዳይለኝ ነው የደበቀችኝ።

ሥራ ስንገባ የቀበሌ ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። ሴቶች እጃቸውን እያሳዩ ነው። ጓድ አስናቀ ቢሮው ጠርቶን መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ የቀረውን ሳሙና ማለዳ ጭኖ ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ መድፋት ነበር። ጋሽ ደበላ አይሆንም አሉት፤ ቆሼ ያሉት ሰዎች በባዶ እጃቸው እየለዩ የሚኖሩ ናቸው፣ ሳሙና ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ይወስዱታል አሉት። አስናቀ ይህን አላሰበውም ነበር፤ ሲሰማ አቀረቀረ። በዚያ መካከል ከኮርፖሬሽኑ መርማሪ እንደሚመጣ ስልክ ተደወለ፤ ስልኩ ላይ "የኢኮኖሚ አሻጥር" የሚል ቃል ተነግሯል። በዚያ ዘመን ያ ቃል ያረፈበት ሰው ቤቱ ያድር እንደሆነ አይታወቅም። የድስት ክፍሉ ሰነድ ላይ ደግሞ ያለው ፊርማ የጋሽ ደበላ ነው።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። መርማሪዋ ሰናይት የምትባል ወጣት ኬሚስት ናት፤ ትንሽ ሳጥን ይዛ መጥታለች፣ ብዙ አትናገርም። ሠራተኛው በሙሉ ተቀምጧል። ሳሙናው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ጓድ አስናቀ ተነሥቶ ንግግሩን ጀመረ። ዶሮ እርባታ ሳለን አለ፣ ስለ ወረቀቱ መቶ በመቶነት አለ፣ ከዚያ ሳይታሰብ ድምፁ ተቀየረ። ሳሙናው ጤነኛ ነው፣ ሳሙናው ጤነኛ ከሆነ ደግሞ አሻጥር የለም፣ አሻጥር ከሌለም አሻጥረኛ የለም አለ። ጋሽ ደበላን አየት አደረጋቸው። ራሱን ሊያድን ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ያን ዓይኑን አይቻለሁ፣ እሳቸውንም ሊያድን ነበር። ከዚያ ከጠረጴዛው አንዱን ሳሙና አነሣና ላሰው። ጫፉን መንካት አልነበረም፤ በራሱ ሰርኩላር ስለከለከለ እንዴት እንደሚቀመስ አያውቅም፣ እንደ ማር ነበር የላሰው።

ዓይኑ ፈጠጠ። ንግግሩን ሊቀጥል ሞከረ፣ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ሰናይት ውሃ ይዛ ሮጠች፤ ጋሽ ደበላ ደግፈው አስቀመጡትና ደጋግመው አስጉመጠመጡት። ሰው ልስቅ ልስቅ እያለው የሚስቅ ጠፋ። ሰናይት ወደ ቦታዋ ተመልሳ ከሳጥኗ ወረቀት አውጥታ ሳሙናው ላይ አስነካችው፤ እንደ ደም ቀላ። የእኛን ነጭ ወረቀት አስነካችው፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ይህ ከየት መጣ ብላ ስትጠይቅ የጽሕፈት ክፍሏ ልጅ ከመሳቢያዬ አለች።

ከዚያ ሳሙናው ደርሷል ያለው ማነው ብላ ጠየቀች። ጋሽ ደበላ ካፖርታቸውን አስተካክለው ቆሙ። "እኔ ነኝ" አሉ።

ብድግ አልኩ። "እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ሳልቀምሰው ደርሷል ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። መቅመሱን፣ ሰርኩላሩን፣ ሕማማቱን፣ ስለቱን፣ ግርማን፣ የእናቴን እጅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በዚያ አዳራሽ ስለ ጾምና ስለ ስለት ሲነገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ስጨርስ ሁሉም የሚያየው ጓድ አስናቀን ነው፤ አሁን አንድ ነገር ማለት ያለበት እሱ ነዋ። እሱ ግን ምላሱ አብጦ መናገር አይችልም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ፤ እውነቷን ነው እንደማለት።

ሰናይት ብዙ ጻፈች። በመጨረሻ ጋሽ ደበላን ይህ ሳሙና ምን ይደረግ ብላ ጠየቀቻቸው። "ይመለሳል" አሏት። እንዴት እንደሚመለስ ሲያስረዷት ብዕሯን አስቀምጣ እንደ ተማሪ ሰማቻቸው። ሪፖርቷ ላይ አሻጥር የሚለውን ቃል አልጻፈችውም፤ የመፈተኛ ወረቀት እጥረትና የአሠራር ጉድለት ብላ አለፈችው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት ደረሰኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ሳሙናውን ቤት ለቤት ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እኔ በቀራንዮ በኩል ነበር የዞርኩት። የሰበሰብኩት ስድብም ምርቃትም ነው። አንዲት ሴት ሳሙናውን አልመልስም፣ ለመጥፎ ጎረቤት አስቀምጬዋለሁ ብላ አስቸግራኝ፣ በስንት ልመና ነው የሰጠችኝ። የመጣው ሁሉ ድስት ገባ፣ ጨው ገባበት፣ ደኅናው ተንሳፈፈ። ጓድ አስናቀ ለዘጠኝ ቀን መናገር ስላልቻለ ስብሰባ አልተጠራም፤ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ያመረትነውን ያህል ከዚያ በፊት በወር አምርተን አናውቅም። ምላሱ ሲሻለው መጀመሪያ ያወጣው ሰርኩላር ምላስ ከወረቀት ጋር ተባብሮ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር።

ጋሽ ደበላ ያን ሁሉ ሳምንት ስለ ነገሩ አላነሡብኝም። የተመለሰው ሳሙና ሲፈላ አጠገባቸው ቆሜ እያማሰልኩ ሳለ ግን፣ "መድኃኔዓለምን ነገርሽው። እኔን ለምን ደበቅሽኝ?" አሉኝ። አፍሬ ነው አልኳቸው። ማማሰያውን ከእጄ ወሰዱ። "ብትነግሪኝ እኮ እኔ እቀምሰው ነበር" አሉ።

ለዓመታት ለራሳቸው ያልፈቀዱትን ነገር ለእኔ ሲሉ ሊያደርጉት ነበር። እኔ ግን ስለቴን ጠብቄ እሳቸውን ለእስር ላቀርባቸው ምንም አልቀረኝም። እዚያው ድስቱ ላይ አለቀስኩ። እንባ ጨው አለው፣ አይጎዳውም ብለው ቀለዱብኝ።

ግርማ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። መጣ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከስቶ፣ ጫማው ተቀዶ፣ በእግሩ መጣ። እናቴ ያን ጋቢ አለበሰችው። ስለቴ ደርሶ ይሁን ወይስ እናቴ በእጇ ከፍላልኝ እስካሁን አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ነግሬያለሁ።

ግርማ ከመምጣቱ በፊት፣ ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ግድም በኋላ፣ ጋሽ ደበላ ጡረታ ወጡ። የመጨረሻ ቀናቸው ሳሙና ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን ጋር ገጠመ። መኪና በር ላይ ቆሟል፣ የበላይ አካል ሰዎች ሊያዩ መጥተዋል፣ ጓድ አስናቀ አዲስ ክራቫት አስሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሽ ደበላ ከእኔ ኋላ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲቀምሱ ነበር፤ አንድም ቀን ለምን አላልኳቸውም።

ተጉመጥምጬ ቀመስኩ። ነደፈኝ። በስሱ ነው፣ ግን ነደፈኝ። ወረቀቱም ጠርዙ ላይ ቀላ ብሏል። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ "አልደረሰም፤ ነገ ነው" አልኩ።

የበላይ አካል ሰዎች ወደ ጓድ አስናቀ ዞሩ፣ ጓድ አስናቀ ወደ ጋሽ ደበላ። የመቅመሻው ጣሳ በእጃቸው ነው፤ ውሃ ሞልቶታል፣ የእሳቸው ተራ ነው። ጋሽ ደበላ ድስቱን አዩት፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት። ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ ደፍተው ጣሳውን ለእኔ ሰጡኝ።

"ሰምታችኋል፤ አልደረሰም" አሉና የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ሳይቀምሱ ወጡ።

ጓድ አስናቀ መኪናውን መለሰውና ባዶ በርሜል ገልብጦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳሙናው እስኪደርስ አንድ ቃል አልተናገረም።